ከመኪና ሆድ ሥር ያረጀውን ሬንጅ ስለ ማንሣት

(በራዲዮ ከተነገረው ንግግር የተወሰደ)



በመርካቶ ውስጥ ምን አለሽ ተራ የሚባለውን ሰፈር የማያውቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ ቢኖር እጅግ ጥቂት ነው። የሰፈሩ ስም ራሱ ጥያቄ ነው፤ ገዢ ሻጭን «ምን አለሽ?» ብሎ የሚጠይቅበት፥ ሻጭም አሮጌውንና አዲሱን፥ ሙሉውንና ጎዶሎውን ሳትለይ ያላትን ሁሉ የምታሳይበት ገበያ መሆኑን ይነግረናል። መርካቶ በጠላት ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፥ ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ እንዲሄድ በተደረገ ጊዜ የተቆረቆረ ነው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ሸቀጥ የየራሱን ተራ ሲይዝ፥ ያረጀውና የተጣለው ሁሉ ድርሻው ምን አለሽ ተራ ሆነ።

በዚያ ሰፈር ሞቶ የሚቀር ዕቃ የለም። የዘይት በርሜል ተቀዶ የከሰል ምድጃ ይሆናል፤ ያለቀ የመኪና ጎማ ተቆርጦ ጫማ ይሆናል፤ የተሰበረ ባሌስትራ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ቢላዋ ወይም ማረሻ ይሆናል። በየመንደሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ሰው፥ ቃሉም «ቆርቆሮ ያለው» ከማለት ያጠረ ነው፥ ከየጓሮአችን የሰበሰበውን ወስዶ የሚያራግፈው በዚሁ አካባቢ ነው።

ዛሬ ግን ይህን ሰፈር ያነሣሁት የገበያውን ታሪክ ለመተረክ አይደለም። ስለ አሮጌ መኪና፥ ይልቁንም ከመኪና ሆድ ሥር ስለሚቀባው ጥቁር ሬንጅና ያ ሬንጅ ባረጀ ጊዜ በምን ዓይነት ጥንቃቄ መነሣት እንደሚገባው ለማስረዳት ነው። ነገሩ የጋራዥ ሠራተኛ እንጂ የጽሕፈት ቤት ሰው ጉዳይ አይመስል ይሆናል። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን በከባድ ታክስ ከያዘ፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፥ በእጅ ያለው አሮጌ መኪና እንደ ርስት መታየት ጀምሯል። የአባቱን ቮልስዋገን ወይም የአጎቱን ፊያት ከጓሮ አውጥቶ፥ ሸራውን ገፎ፥ «ይህን ባድሰው ምን ይለኛል?» የሚል ደመወዝተኛ በየመሥሪያ ቤቱ አይታጣም። የሚያታልለውም ብዙውን ጊዜ የመኪናው ሆድ ነው።

አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ የደረሰበትን ላስረዳ። ይህ ሰው የብዙ ዓመት ቁጠባውን አውጥቶ አንድ ቮልስዋገን ገዛ። ሻጩ መኪናውን በክሪክ አንሥቶ ሆዱን ባሳየው ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነበር፤ እንደ አዲስ ጫማ ያብለጨልጭ ነበር። ባልደረባዬም «ይህስ በደንብ የተጠበቀ ነው» ብሎ ደስ አለው። ሦስት ወር ሳይሞላ ሁለት ልጆቹን ከኋላ አስቀምጦ ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ ሲወርድ ከኋላ መቀመጫ ሥር አንድ ነገር ተንኳኳ፤ ከዚያም ብልጭታ ታየ፤ የተቃጠለ ጭድ የሚመስል ሽታም ተከተለ። መኪናውን አቁሞ ልጆቹን በእጃቸው ጎትቶ ካወጣቸው በኋላ ዝቅ ብሎ ቢመለከት፥ ባትሪው የተቀመጠበትን ወለል ሰብሮ በገመዱ ብቻ ተንጠልጥሎ አገኘው። ልጆቹ ዳኑ። የተሰበረውን ወለል ስናየው ግን ብረት አልነበረም፤ ከላይ የባትሪ አሲድ የበላው ዝገት፥ ከታች ያን ዝገት አቅፎ የያዘ አዲስ ሬንጅ ነበር። ሬንጁን የቀባው ማን እንደ ሆነ ለመጠየቅ ጊዜው አልፏል። ቀቢው መኪናውን ለመጠበቅ ሳይሆን ለመሸጥ የቀባው መሆኑ ግን ግልጥ ነው።

ቮልስዋገን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በዚህ መኪና ባትሪው የሚቀመጠው ከኋላ መቀመጫ ሥር በቀኝ በኩል ነው። የመቀመጫው ሽቦ ወደ ታች ወርዶ የባትሪውን ጫፍ የነካ እንደ ሆነ እሳት ያነሣል፤ አሲዱ የፈሰሰ እንደ ሆነ ደግሞ ወለሉን ይበላል። ስለዚህ ማናቸውም ቮልስዋገን የሚገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የኋላውን መቀመጫ አንሥቶ ያችን ማዕዘን ይመልከት።

ወደ አገራችን የመጀመሪያው መኪና የገባው በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ ባመጣ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ከመጡት ሁሉ ግን ቮልስዋገንን ያህል በሕዝብ ዘንድ የተለመደ ጥቂት ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወርደው ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስዋገን እንደ ነበረ ሽማግሌዎቻችን ያስታውሳሉ። የመጨረሻው የዚህ ዓይነት መኪና በሜክሲኮ አገር ከፋብሪካ የወጣው ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ሲሆን፥ በዚያን ቀን ጠቅላላው ቁጥር 21,529,464 ደርሶ ነበር። በዓለም ላይ ይህን ያህል ብዛት ያለው መኪና ስለ ሆነ፥ የሆዱን በሽታ በዝርዝር የሚያውቁት ሰዎችም በየአገሩ ብዙዎች ናቸው። እኔም ከዚህ በታች የምናገረውን በቮልስዋገን እየመሰልሁ እናገራለሁ፤ ለፊያትና ለፔጆ ባለቤቶችም አብዛኛው ይሠራላቸዋል።

እንግዲህ ይህ ሬንጅ ምንድን ነው? ለዚህ ንግግር «የሥር ሬንጅ» ብዬ ልጥራው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በክረምት ወራት በረዶውን ለማቅለጥ በመንገድ ላይ ጨው ይበተናል። ጨው የነካው ብረት ደግሞ ቶሎ ይዝጋል። በዚህ ምክንያት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የመኪናን ሆድ በሬንጅ መሸፈን የተለመደ ሆነ። ሬንጁ ከጨውና ከውሃ ይከላከላል፤ ከጎማ እየተፈናጠረ የሚመታውን ጠጠር ያበርዳል፤ የመንገዱንም ድምፅ ያፍናል። በኋላ ዘመን ፋብሪካዎች ፒ.ቪ.ሲ. የሚባለውን የፕላስቲክ ዓይነት፥ ሌሎችም ጎማ የተቀላቀለበትን ወይም ሰም የሚመስለውን መቀባት ጀመሩ።

በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ጨው የሚበትን የለም። ይህ ዕድላችን ነው፤ ብዙ አሮጌ መኪኖችም እስከ ዛሬ የኖሩልን በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። እኛ ግን ጭቃ አለን። በሰኔና በመስከረም መካከል የመኪናው ሆድና የፓራፋንጎው ውስጥ በጭቃ ይሞላል፤ ያ ጭቃ እንደ እርጥብ ጨርቅ ውሃ ይዞ ለሳምንታት ይቀመጣል። አዲስ ሬንጅ ይህን ይችላል። ያረጀ ሬንጅ ግን ዘይቱ ደርቆበት እንደ ክረምት ማግሥት ጭቃ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውሃ ይገባል፤ የገባው ግን አይወጣም፤ ሬንጁ ራሱ ክዳን ሆኖ ያፍነዋል። ብረት፥ ውሃና አየር በአንድ ላይ ሲገኙ ዝገት ይወለዳል። ዝገት ደግሞ ከተወለደበት ብረት ከሁለት እስከ ስድስት እጥፍ የሚበልጥ ቦታ ይወስዳልና፥ ሬንጁን ከሥሩ እየገፋ ያነሣዋል፤ በተነሣውም ሥር ሌላ ውሃ ይገባል። ጠባቂው ሌባውን በቤት ውስጥ ቈልፎበት እንደ ማለት ነው።

ታዲያ ሬንጁ ሁሉ ይነሣ ማለት ነውን? አይደለም። ብዙ ሰዎች መኪና ማደስ ሲጀምሩ ሁሉንም እስከ እርቃን ብረቱ ድረስ ካልፋቁት ያልሠሩ ይመስላቸዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ፋብሪካው የቀባው፥ ከብረቱ ጋር የተጣበቀ፥ ያልተሰነጠቀ ሽፋን ቢኖር፥ እርሱን አንሥቶ በጓሮ በሚቀባ አዲስ ሽፋን መተካት ጠንካራውን በደካማው መለወጥ ነው። መነሣት የሚገባው የተሰነጠቀው፥ የተነፋው፥ በጣት ሲጫኑት የሚሰምጠው፥ በስፓቶላ ሲነኩት በትልልቁ የሚላቀቀው፥ እንዲሁም ብየዳ በሚደረግበት ቦታ ሁሉ ያለው ነው። በትንሽ መዶሻ ጀርባ ወለሉን ቀስ እያሉ መምታትም ይረዳል፤ ጤነኛ ላሜራ ይጮሃል፤ የበሰበሰ ላሜራ ዝም ይላል።

የሽፋኑን ዓይነት ለማወቅ ደግሞ ቀላል ፈተና አለ። ነጭ ጨርቅ በላምባ ነክሮ ጥቂት ደቂቃ ያህል ሽፋኑን ማሸት ነው። ጨርቁ ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ ከተበላሸ ሽፋኑ ሬንጅ ነው፤ ላምባ ያሟሟዋል። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ ከቀረ ፒ.ቪ.ሲ. ወይም ሌላ ፕላስቲክ ሊሆን ይችላልና ላምባ በከንቱ አይባክን፤ እርሱ በሙቀትና በስፓቶላ ካልሆነ አይነሣም።

ከሥራው አስቀድሞ ስለ ሰው ሕይወት መናገር አለብኝ። መኪና በክሪክ ብቻ ተነሥቶ ከሥሩ ሰው አይግባ። በድንጋይ ወይም በጡብ ተደግፎም አይግባ፤ ጡብ ሳያስጠነቅቅ ይፈርሳል። የብረት ካቫሌቶ ወይም ተሻግሮ የተነባበረ ወፍራም እንጨት ከሻንሲው ጠንካራ ክፍል ሥር ይደረግ፤ ጎማዎቹም ከፊትና ከኋላ ይታገዱ። የበሰበሰ ወለል ሥር የተደገፈ ካቫሌቶ ወለሉን ወግቶ እንደሚገባ ከባልደረባዬ ባትሪ መማር ይቻላል።

ሁለተኛው ነገር ትንፋሽ ነው። በቀድሞ ዘመን ከተሠሩት የሥር ሬንጆች አንዳንዶቹ እንዲጠነክሩ አስቤስቶስ የሚባለው የድንጋይ ክር ይቀላቀልባቸው ነበር። ይህ ክር በዓይን የማይታይ ደቃቅ አቧራ ሆኖ በሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም፤ ከብዙ ዓመት በኋላም ካንሰር ያመጣል። የትኛው ሬንጅ ክሩ እንዳለበት በማየት ብቻ አይለይም። ስለዚህ የድሮ ሬንጅ ሁሉ እንዳለበት ተቈጥሮ ይሠራ። ይኸውም ደረቁን በሚሽከረከር የሽቦ ብሩሽ ከማቡነን ይልቅ አርጥቦ ወይም አለስልሶ በስፓቶላ ማንሣት ነው፤ ማጣሪያ ያለው የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛም ማድረግ ነው። ነጠላ ወይም መሐረብ በአፍ ላይ መጠምጠም ለጉንፋን ሰው ትሕትና ይሆን ይሆናል እንጂ ለዚህ አቧራ ምንም አይጠቅምም። የቤቱ ሕፃናትም ከጓሮው ይራቁ።

ወደ ምን አለሽ ተራ የሄድነው በዚህ ጊዜ ነበር። ባልደረባዬ ለወለሉ የሚሆን ላሜራ ፈልጎ ነበርና አንድ ቅዳሜ አብሬው ሄድሁ። መለዋወጫውን በሶማሌ ተራ ጠይቀን ዋጋው ስላስደነገጠን ወደ ቀጥቃጮቹ አመራን። አንድ ሽማግሌ ቀጥቃጭ ሬንጅ የመጣበትን በርሜል እየቀደዱ አገኘናቸው። በርሜሉን አስቀድመው ከውስጥ በእሳት ለኩሰውት ነበር፤ ጥቁሩ ጢስ ገና አላለቀም።

ባልደረባዬ «አባባ፤ የመኪናዬንም ሬንጅ እንዲህ በእሳት ላንሣው?» ብሎ ጠየቃቸው።

ሽማግሌው በርሜሉን አቁመው ከላይ እስከ ታች ተመለከቱትና «ልጄ፤ በርሜል ልብ የለውም፤ ቤንዚንም አልተሸከመም። መኪናህን እንዲህ ካደረግህ ለእኔ በኪሎ ትሸጥልኛለህ» አሉት።

ይህ መልስ ከብዙ መጽሐፍ ይበልጥብኛል። በቮልስዋገን መካከል እንደ አከርካሪ ከፊት ወደ ኋላ የሚያልፍ የብረት ዋሻ አለ። የቤንዚኑ ቀጭን ቧንቧ ከፊት ካለው ታንከር ተነሥቶ በዚያው ዋሻ ውስጥ አልፎ ወደ ኋላው ሞተር ይደርሳል። ከዋሻው አጠገብ የእሳት ነበልባል የሚይዝ ሰው ከቤንዚን ቧንቧ ጋር በአንድ ስስ ላሜራ ብቻ ተለያይቶ መቆሙን አያውቅም። በሌላ በኩል የሞተሩና የካምቢዮው አካል የተሠራው ማግኒዚየም ካለበት ቅይጥ ነው፤ ማግኒዚየም ከተቀጣጠለ ውሃ አያጠፋውም፤ እንዲያውም ያብሰዋል። የድሮ ቀለምም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ጢሱ መርዝ ነው። ስለዚህ ነበልባል ከዚህ ሥራ ይራቅ።

ሙቀት ግን ያስፈልጋል። የተሻለው መሣሪያ እንደ ሴቶች ፀጉር ማድረቂያ ትኩስ አየር የሚነፋው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው፤ እርሱም ከፀጉር ማድረቂያ እጅግ የበረታ መሆኑ አይዘንጋ። የቤንዚኑ ታንከር አስቀድሞ ከመኪናው ይወጣል፤ ቧንቧው ይደረቅና ይደፈናል፤ ባትሪው ይነሣል፤ ለማናቸውም ነገር ባልዲ አሸዋና የእሳት ማጥፊያ አጠገብ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ አንድ መዳፍ የሚያህል ቦታ ብቻ ይሞቃል። ሬንጁ እንደ ሞቀ ቅቤ ሲለሰልስ ስፓቶላው ይገፋዋል። መጤስ ከጀመረ ሙቀቱ በዝቷል ማለት ነው፤ መሣሪያው ይራቅ። ሥራው አዝጋሚ ነው። እኛ ከአንደኛው ወገን ወለል ብቻ አራት ቅዳሜ ፈጅቶብናል። ክርን ይዝላል፤ አንገት ይደርቃል፤ ሬንጁም በሸሚዝ ላይ እንጂ በቆርቆሮው ውስጥ መውደቅ አይወድም።

ስፓቶላውን በተመለከተ፥ የሱቁ ስፓቶላ ለስቱኮ የተሠራ ስለ ሆነ ቶሎ ይታጠፋል። እኒያ ሽማግሌ ከአሮጌ ባሌስትራ ቀጥቅጠው አንድ ሠሩልን፤ ጫፉን እንደ ጥፍር አድርገው ትንሽ ስላጎበጡት በማዕዘን ውስጥ በሚገባ ሠራ። ጫፉ ስለት እንዳይሆን ያስጠነቀቁንም እርሳቸው ናቸው። የመኪና ላሜራ አብዛኛውን ጊዜ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር አይበልጥምና፥ ስለታም ብረት ሬንጁን ሲፈልግ ብረቱንም ይወስዳል።

ሌላው መንገድ ቅዝቃዜ ነው። በሌላ አገር ደረቅ በረዶ የሚባለውን፥ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ የሚደርሰውን፥ በወለሉ ላይ ያስቀምጡና ሬንጁ እንደ ብርጭቆ ሲሰባበር በመዶሻ ይመቱታል። በተለይ በመኪናው ውስጥ፥ ከምንጣፉ ሥር ለድምፅ ማፈኛ የተለጠፈውን ወፍራም ሬንጅ ለማንሣት ይህ እጅግ ፈጣን ነው። ደረቅ በረዶ ለማይገኝለት ሰው የኅዳርና የታኅሣሥ ንጋት ጥቂት ያግዛል። ፀሐይ ሳይወጣ በብርድ የደረቀው ሬንጅ በመዶሻ ሲነካ ሲፈረፈር አይተናል፤ ያው የቀረው በቀትር ሲለጠጥ ውሏል።

ሙቀቱና ስፓቶላው ካለፉ በኋላ ቀጭን ጥቁር ሽፋን ይቀራል። እርሱን በላምባ ወይም በአኳራጃ የተነከረ ጨርቅ ያነሣዋል። ሙቀት በሚሠራበት ሰዓት ግን የላምባ ጨርቅ በአካባቢው አይገኝ፤ ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ቀን ባይደረጉ ይሻላል። በቤንዚን ማጠብ ከቶ አይገባም፤ ትነቱ በምድር ላይ ተጎትቶ ሄዶ ከሩቅ ምድጃ እሳት ያመጣል። ላምባ ጎማ ነክ ነገርን ያሳብጣልና የፍሬኑ የጎማ ቱቦዎች አስቀድመው በፕላስቲክ ይጠቅለሉ። የጨረሰ ጨርቅም ተጨብጦ በማዕዘን አይጣል፤ ተዘርግቶ በውጭ ይድረቅ።

በግራይንደር ላይ የሚገጠመውን የሽቦ ብሩሽ የሚወዱ ብዙዎች ናቸው። እኔ ለመጨረሻው ዝገት ካልሆነ አልመክረውም። ሬንጁን በመፋተግ አሙቆ ይቀባዋል እንጂ አያነሣውም፤ ሽቦውም እየተበጠሰ እንደ መርፌ ይወረወራል። የዓይን መከላከያ መነጽር ሳያደርግ ይህን ብሩሽ የሚያስነሣ ሰው ለዓይን ሐኪም ቀጠሮ ይያዝ። አሸዋ በአየር ግፊት መንፋትም እንዲሁ ሬንጅ ላይ አይሠራም፤ ለስላሳው ሬንጅ አሸዋውን መልሶ ያነጥረዋል፤ ስሱ ላሜራ ደግሞ ተመትቶ ይጎብጣል፤ የአሸዋውም አቧራ ሳንባን ያደርቃል። ወፍራሙን ሻንሲ ለማጽዳት ብቻ፥ ሬንጁ ከተነሣ በኋላ፥ ዕውቀትና መሣሪያ ላለው ሰው ይተው።

አሁን ለመንግሥት ሠራተኛ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገውን ልናገር። የቮልስዋገን የሻንሲ ቁጥር የተመታው ከኋላ መቀመጫ ሥር በዚያው በመካከለኛው የብረት ዋሻ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ሬንጅና ቀለም ሸፍኖት ይገኛል። ያን ቦታ በግራይንደር ወይም በሹል ብረት የነካ ሰው ቁጥሩን ያጠፋዋል፤ ቁጥሩ የጠፋ መኪና ደግሞ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር የሚመሳከርበት ስለማይኖር፥ ቦሎ ለማውጣት ወይም ስም ለማዛወር በሄደ ጊዜ ባለቤቱ እንደ ሌባ ይጠየቃል። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ቁጥሩ በላምባና በጨርቅ ብቻ ይጽዳ፤ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ከዚያ በላዩ ላይ ወፍራም ወረቀት ተለጥፎበት ሥራው እስኪያልቅ ይጠበቅ።

ብረቱ ከተገለጠ በኋላ የሚታየው አንዳንዴ ያሳዝናል። በባልደረባዬ መኪና ባትሪው ከነበረበት ማዕዘን ሌላ ሦስት ቦታ ቀዳዳ ተገኘ፤ በአንደኛውም ላይ ጋዜጣ ተለጥፎ በሬንጅ ተሸፍኖ ነበር። ያን ጊዜ አዲስ ላሜራ ቆርጦ መበየድ እንጂ ሌላ መድኃኒት የለም። ያልተበሳ፥ ግን የዛገ ብረት ሲሆን ዝገቱ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ይነሣል፤ በጉድጓዶቹ የቀረው ፎስፎሪክ አሲድ ባለበት የዝገት መድኃኒት ይነካል። ይህ መድኃኒት ቀዩን ዝገት ወደ ጥቁር ፎስፌት ይለውጠዋል፤ የበሰበሰውን ግን ብረት አያደርገውም። የተገለጠ ብረት በአዲስ አበባ የክረምት አየር ውስጥ በአንድ ሌሊት ቀይ ይሆናልና፥ ዛሬ የተጸዳው ዛሬውኑ ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባ። ይህ ሥራ ከጥቅምት እስከ የካቲት ባሉት ወራት ቢደረግ ይመረጣል የምለው ስለዚሁ ነው።

በፀረ ዝገት ቀለሙ ላይ የላሜራ መገጣጠሚያዎች ይደፈናሉ፤ ከዚያ ቀለም፥ በመጨረሻም አዲሱ የሥር ሽፋን ይሆናል። አዲሱ ሽፋን ስስ ይሁን። ወፍራም ሬንጅ ፈጽሞ የሚጠብቅ ይመስላል፤ ነገር ግን በሥሩ የሚደረገውን ከዓይን ይሰውራል። በበርና በደረጃው ሥር ያሉት ትናንሽ የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች ደግሞ በምንም ምክንያት አይደፈኑ። በቮልስዋገን ከበሩ ሥር ያለው የብረት ቧንቧ ከሞተሩ የሚመጣውን ሙቅ አየር ወደ ፊት የሚያስተላልፍ ነው፤ ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ የሚበሰብሰው ከውስጥ ወደ ውጭ ነውና ከውጭ የሚቀባ ሬንጅ ምንም አይረዳውም። ለእንዲህ ያለው ስውር ቦታ በረጅም ቀጭን ቱቦ የሚረጭ ሰም መሰል ዘይት ይሻላል።

የተፋቀው ሬንጅስ ወዴት ይሂድ? በጓሮ ከተቃጠለ ጎረቤት ያንቃል። በቦይ ከተጣለ ከዝናቡ ጋር ወደ ወንዙ ይወርዳል። በክዳን በሚዘጋ ቆርቆሮ ውስጥ እርጥብ እንደ ሆነ ተጠራቅሞ፥ አደገኛ ቆሻሻን ለሚቀበል ክፍል እስኪሰጥ ድረስ ሰው ከማይነካው ቦታ ይቀመጥ። የተቆረጠው አሮጌ ወለል ግን ብረት ነውና ወደ ምን አለሽ ተራ ይመለሳል። ሬንጁ እንደ ተለጠፈ ከተሸጠ፥ ገዢው ቀጥቃጭ በእሳት ሲያነሣው ያ ጢስ የሚገባው በእርሱና በአጠገቡ በተቀመጡት ሳንባ ነው። እኛ የባልደረባዬን ወለል ፍቀን በወሰድን ጊዜ ሽማግሌው ገልብጠው አይተው «ይህስ ታጥቦ የመጣ ነው» ብለው በሚዛን ሰቀሉት። ዋጋው የአንድ ቅዳሜ ምሳ አልሞላም።

መኪናው ዛሬ ይሄዳል። የተበየደው ወለል ከላይ ምንጣፍ አልተነጠፈበትም፤ ባልደረባዬ ብረቱን በዓይኑ ማየት ይፈልጋል። ክረምቱ እንዳለቀ በመስከረም መኪናውን አንሥተን እነዚያን የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች አንድ በአንድ በቀጭን ሽቦ ወጋናቸው። ከግራው በር ሥር አንድ እፍኝ ጭቃ ወጣ፤ ከቀሩት ንጹሕ ውሃ ጥቂት ተንጠባጠበ።